አራት አድሚን፣ 7,300 አባል፦ ሰው ማስወጣት ከጀመርን በኋላ ግሩፑ ለምን ባሰበት?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምንሠራ ኢትዮጵያውያን የምንረዳዳበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። 7,300 አባል ደርሰናል። የምናስተዳድረው አራት ሰዎች ነን፤ ሁላችንም ከሥራ በተረፈን ሰዓት፣ ያለ ክፍያ። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ቪዛና ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ይጠየቃል። ባለፉት ሁለት ወራት ግን ስድብ፣ የብሔር ጠብና አጭበርባሪ በዛ። ማስወጣት ጀመርን፤ በአንድ ሳምንት 60 ሰው አስወጣን። አሁን ‹አምባገነኖች› ተብለናል፤ ተነጥለው ሌላ ግሩፕ የከፈቱም አሉ። ከመካከላችን አንዱ ደግሞ ሳያማክረን ነው የሚያስወጣው። ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) እንጨምር? ደንቡን እናጥብቅ?»

ምላሽ፦

ሰላም ለአራታችሁም። ቦቱንም ደንቡንም ለጊዜው አቆዩትና መጀመሪያ አንድ ነገር ቁጠሩ። ካስወጣችኋቸው 60 ሰዎች መካከል በየትኛው ጽሑፋቸው፣ በየትኛው ደንብ እንደተቀጡ የተነገራቸው ስንቶቹ ናቸው? ጥቂቶች ብቻ ከሆኑ «አምባገነን» ያስባላችሁ እሱ ነው። የሚያውቀው ሰው ድንገት የጠፋበት አባል ምክንያቱን ካልነገራችሁት ራሱ ይፈጥርለታል፤ በዛሬ ጊዜ ደግሞ ቀድሞ የሚመጣለት ምክንያት ብሔር ነው።

የበጎ ፈቃድ አድሚን ደመወዝም ፖሊስም የለውም። ሥልጣኑ የሚቆየው አባላቱ «ፍርዱ ልክ ነው» ብለው እስካመኑ ድረስ ብቻ ነው፤ ካላመኑ አንድ ሊንክ ተጭነው ይሄዳሉ፣ እንደሄዱባችሁ። ለዚህ ዓይነቱ አስተዳደር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እድር አለ። እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። መተዳደሪያ ደንቡ ተጽፎ ይነበባል። ከቀብር የቀረ ሰው መጀመሪያ ገንዘብ ይቀጣል፣ ከደጋገመ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፣ ስሙ የሚሰረዘው መጨረሻ ላይ ነው። ቅር ያለው ደግሞ በጠቅላላ ስብሰባ ተነሥቶ ይናገራል። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም የግጦሽ መሬት፣ የመስኖ ውኃና የዓሣ ማስገሪያ በጋራ የሚጠቀሙ ማኅበረሰቦችን አጥንታ በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ግኝትም ከዚህ አይርቅም፦ ለረጅም ዘመን የዘለቁት ቅጣታቸው ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚሄድ፣ ጠባቂዎቻቸው ራሳቸው የሚጠየቁ፣ ጠብ የሚፈታበት ቅርብና ርካሽ ሸንጎ ያላቸው ናቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ካሰጣት ሥራ ውስጥ አንዱ ይኸው ነው። ሦስቱን ወደ ግሩፓችሁ ላምጣቸው።

ከቅጣቱ እንጀምር። ብዙ አድሚን የማያውቀው ነገር አለ። ቴሌግራም ላይ ሰውን ከእንዲህ ያለ ትልቅ ግሩፕ ስታስወጡት «የተወገዱ ተጠቃሚዎች» ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ አድሚን ከዚያ እስኪያነሣው ድረስ በግሩፑ ሊንክ ተመልሶ መግባት አይችልም። በንዴት ለተጻፈች አንዲት መስመር የሰጣችሁት ቅጣት የዕድሜ ልክ ነበር ማለት ነው። እድር እንዲህ አይሠራም።

መካከለኛው መሣሪያ መገደብ ነው፦ አባሉ ያነባል፣ መጻፍ ግን አይችልም። ጊዜውን እናንተ ትወስናላችሁ፤ ሲያልቅ በራሱ ይከፈታል። እኔ የምመክረው መሰላል ይህ ነው። በመጀመሪያው ጥፋት መልእክቱ ይሰረዛል፣ ምክንያቱ ይነገራል፣ ሌላ ቅጣት የለም። በሁለተኛው የ24 ሰዓት ገደብ። በሦስተኛው 7 ቀን። በአራተኛው መውጣት፤ ያም ቢሆን ከ3 ወር በኋላ ይግባኝ የሚባልበት። ሦስት ወር በንጽሕና የቆየ ሰው መዝገቡ ይታጠብለት፣ ከዜሮ ይጀምር። ገደቡን በቦት በኩል የምትሰጡ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ፦ ጊዜው ከ30 ሰከንድ ካነሰ ወይም ከ366 ቀን ከበለጠ ቴሌግራም የዘላለም አድርጎ ይወስደዋል።

መሰላሉን ዘልሎ በአንዴ የሚያስወጣው ጥፋት ጥቂት ይሁን፣ በስሙም ይጻፍ፦ ማጭበርበር፣ የሌላ ሰው ፓስፖርት ወይም መታወቂያ መለጠፍ፣ በአካል ጉዳት አደርሳለሁ ብሎ መዛት፣ የወሲብ ምስል። አራት ይበቃሉ። «ሥነ ሥርዓት የጎደለው ማንኛውም ድርጊት» ብላችሁ አምስተኛ እንዳትጨምሩ፤ ሁሉን የሚይዝ ደንብ አድሚኑ የጠላውን ሁሉ የሚይዝ ደንብ ሆኖ ነው የሚነበበው።

ምክንያት ስትናገሩ አጻጻፉ ወሳኝ ነው። ይህን ቅዱና አስተካክላችሁ ተጠቀሙበት («የአቤቱታ ቦት» ያልኩት አባሉ ቅሬታውን በግል ጽፎ ለአድሚኖች የሚልክበትን ቦት ነው)፦

«ሰላም። ዛሬ ማታ የጻፉት መልእክት በደንብ ቁጥር 2 (ብሔርን ወይም ሃይማኖትን መስደብ) ተሰርዟል። ለ24 ሰዓት መጻፍ አይችሉም፣ ማንበብ ይችላሉ። ነገ በዚህ ሰዓት ይከፈታል። ተሳስታችኋል ካሉ በአቤቱታ ቦቱ ይጻፉልን፤ የሚያየው ሌላ አድሚን ነው።»

ምክር የለበትም፣ «ሁለተኛ እንዳይለምድህ» የለበትም። «እርስዎ» የተባለውም ሆን ተብሎ ነው፤ በ«አንተ» የተቀጣ ሰው መልሶ የሚከራከረው ስለ አንተታው ነው። ማስታወቂያውን ግሩፑ ውስጥ ለመልእክቱ መልስ አድርጋችሁ ለጥፉ፣ ከዚያ መልእክቱን ሰርዙ፣ ማስታወቂያውን ደግሞ በማግስቱ አንሡት። ለየአንዳንዱ በግል መላክ ይበልጥ ጨዋነት ቢመስልም ችግር ያመጣል፦ የተናደደው ሰው «ስፓም ነው» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፣ ሪፖርቱ ሲደጋገም የአድሚኑ አካውንት ለማያውቃቸው ሰዎች እንዳይጽፍ ይገደባል። ቦትም ቢሆን አባሉ ቀድሞ «ስታርት» ካልተጫነው በግል ሊጽፍለት አይችልም። ለዚህ ነው የአቤቱታ ቦቱ ሊንክ ደንቡ ሥር ሁልጊዜ መታየት ያለበት፤ የተገደበ ሰው ግሩፑ ውስጥ አቤት ማለት አይችልምና።

ይህ ሁሉ ጽሑፍ ለምን? በ2019 እ.ኤ.አ. ሬዲት ከሚባለው የውይይት ድረ ገጽ 32 ሚሊዮን ያህል ፖስቶችን የመረመረ ጥናት ፖስቱ የተሰረዘበትን ምክንያት የተነገረው ሰው ኋላ ላይ የሚጽፈው እንደገና የመሰረዝ ዕድሉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት፣ እዚያው ሬዲት ላይ ባለ የሳይንስ መድረክ በ2,190 ውይይቶች የተሞከረ፣ ደንቡን ከውይይቱ አናት ላይ መለጠፍ ብቻውን የአዲስ ገቢዎችን ደንብ አክባሪነት ከ8 በመቶ ነጥብ በላይ፣ ተሳትፏቸውን ደግሞ በአማካይ በ70 በመቶ እንዳሳደገ አገኘ። ሁለተኛው ቁጥር ይበልጥ ይገርማል፤ «ደንብ ሰው ያባርራል» የሚባለውን ይገለብጠዋል። ስለዚህ ደንቡን ፒን አድርጉ፣ ማለትም ከግሩፑ አናት ላይ ሁልጊዜ እንዲታይ አድርጉ። ከሰባት መስመር አይብለጥ፤ በስልክ ሳያንሸራትቱ የሚነበብ መሆን አለበት።

አሁን ወደ መዝገብ። በግሩፑ ማስተካከያ ውስጥ ያለው «የቅርብ ጊዜ ድርጊቶች» ማን ማንን አስወጣ፣ ማን ምን ሰረዘ የሚለውን ከነጽሑፉ ያሳያል፤ የሚያቆየው ግን 48 ሰዓት ብቻ ነው። ዓርብ ማታ የተወሰነ ነገር ሰኞ ክርክር ሲነሣበት ማስረጃው ጠፍቷል። ለአራታችሁ ብቻ የተዘጋ ቻናል ክፈቱና እያንዳንዱን ቅጣት ጻፉበት፦ ቀን፣ የአባሉ መለያ ቁጥር፣ ስክሪንሹት፣ የደንብ ቁጥር፣ ቅጣቱ፣ የቀጣው አድሚን። የተጠቃሚ ስም ብቻ አትጻፉ፤ ስም በአምስት ሰከንድ ይቀየራል፣ መለያ ቁጥሩ ግን አይቀየርም፤ አብዛኞቹ የማስተዳደሪያ ቦቶች ያሳዩታል። መዝገቡ ለሌላም ይጠቅማል። በወሩ መጨረሻ ስም ሳትጠሩ ቁጥሩን ለግሩፑ አውጡ፦ ይህን ያህል ተሰረዘ፣ ይህን ያህል ተገደበ፣ ይህን ያህል አቤቱታ መጣ፣ ይህን ያህሉ ተሻረ። የተሻረው ዜሮ ከሆነ ማንም አያምናችሁም፤ አራት ሰው ለአንድ ወር ፈርዶ አንዴም አልተሳሳተም ማለት ነዋ።

ብቻውን ስለሚያስወጣው ባልደረባችሁ፦ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ሰው ክፉ አይደለም፣ ደክሞታል። ሌሊት ብቻውን ግሩፑን ሲጠብቅ የሚያገኘው እሱ ይሆናል። የቀጣበትን ሰዓት ከመዝገቡ እዩት። በባሕረ ሰላጤው ሰዓት ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 7፣ ቤት ውስጥ የሚሠሩ እኅቶች ስልካቸውን የሚያገኙበት ጊዜ፣ ጭነቱ የሚበዛበት ከሆነ ተራ አውጡ፤ አንድ ሰው በሳምንት ከሁለት ሌሊት በላይ አይጠብቅ። ከዚያ ሥልጣኑን በቴክኒክ ከፋፍሉት። ቴሌግራም ለእያንዳንዱ አድሚን መሰረዝን፣ ማገድን፣ ፒን ማድረግን፣ አድሚን መሾምን ለየብቻ እንድትፈቅዱ ወይም እንድትከለክሉ ያደርጋል። «አድሚን መሾም» ከግሩፑ ፈጣሪ በቀር ለማንም አይሰጥ። አዲስ የተሾመ ሰው የመጀመሪያውን ወር መሰረዝ ብቻ ይፈቀድለት።

ለማስወጣት የሁለት ሰው ስምምነት ይኑር። አስቸኳይ ሲሆን አንዱ ወዲያው ይገድበዋል፣ ውሳኔው በ24 ሰዓት ውስጥ በሁለት ሰው ይጸናል ወይም ይነሣል። አቤቱታውን የቀጣው አድሚን አያይም፣ መልሱም ከ72 ሰዓት አያልፍ። ባልደረባችሁ ይህን አልቀበልም ካለ የማገድ ሥልጣኑ ይነሣ፣ አድሚንነቱ ይቆይ፤ ጭቅጭቁን ግን ግሩፑ ላይ አታውጡት።

አዲስ አድሚን ትፈልጋላችሁ፣ አራት ለሌሊቱ አይበቃም። በግሩፑ ድምፅ አሰጣጥ አትምረጡ፤ 7,300 ሰው ባለበት ክፍት ግሩፕ ውስጥ ደጋፊውን ከውጭ አስገብቶ ማሸነፍ ቀላል ነው። ለሌላ ሰው ጥያቄ በትዕግሥት ሲመልሱ የቆዩትን እጩ አድርጋችሁ አሳውቁ፣ 7 ቀን ተቃውሞ በአቤቱታ ቦቱ ተቀበሉ፣ ከዚያ ወስኑ። የሹመቱ ጊዜ 6 ወር ይሁን፣ በክብር መሰናበቻ እንዲኖረው። «እኔን አድሚን አድርጉኝ» ብሎ ሦስት ጊዜ የጠየቀን ሰው እለፉት። የአድሚኖቹ ቋንቋም ይታሰብበት፦ ግሩፑ ውስጥ በኦሮምኛና በትግርኛ ከተጻፈ ሁለቱንም የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። ያለበለዚያ በአማርኛ የተሳደበው ብቻ ነው የሚቀጣው፤ ያ ደግሞ ለሁለቱም ወገን ግፍ ነው።

የብሔር ጠቡን «ፖለቲካ ክልክል ነው» በሚል አትፈቱትም። ቤተሰቡ ያለበት አካባቢ ተኩስ የተሰማበት ሰው «እናቴ ስልክ አታነሣም፣ መንገዱ ክፍት ነው?» ሲል ፖለቲካ ነው? አንዱ አድሚን አዎ፣ ሌላው አይደለም ይላል። ደንቡ ርዕስን ሳይሆን ድርጊትን ይከልክል፦ «አንድን ብሔር ወይም ሃይማኖት በጅምላ መፈረጅ፣ መስደብ፣ ይጥፋ ማለት»። ይህን አራታችሁም አንድ ዓይነት ትፈርዱበታላችሁ። ከመዝገባችሁ አሥር የቆዩ መልእክቶች አውጥታችሁ ለየብቻችሁ ፍረዱና አወዳድሩ፤ ከሦስት በላይ ላይ ከተለያያችሁ ደንቡ ገና ግልጽ አይደለም።

ከባድ ዜና ሲመጣ ሰው ከማስወጣታችሁ በፊት ፍጥነቱን ቀንሱ። «ስሎው ሞድ» አንድ አባል በሁለት መልእክት መካከል የሚጠብቀውን ጊዜ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት ያስረዝማል፤ ለእንዲህ ያለ ምሽት 5 ደቂቃ ደኅና ነው። 15 ደቂቃ ካደረጋችሁት ቤት የሚፈልገውም ሰው ይታሰራል። ዜናው በሌላ ርዕስ ሥር እንዲወራ «ቶፒክ» (በግሩፑ ውስጥ ለአንድ ርዕስ የተለየ ክፍል) ክፈቱ። ካልቻላችሁ ሌሊቱን ለሁሉም መጻፍን ዝጉ፣ መቼ እንደሚከፈትም ሰዓቱን ጻፉ። ያለ ሰዓት የተዘጋ ግሩፕ «ሊያፍኑን ነው» ያሰኛል።

ስለ ቦት፦ ጨምሩ፣ ግን ሥራውን ጠባብ አድርጉት። አዲስ የገባ ሰው ለመጀመሪያ 24 ሰዓት ሊንክና ምስል እንዳይለጥፍ ማድረግ፣ ከሌላ ቻናል የተላለፈ ማስታወቂያ መሰረዝ፣ ሪፖርት መቀበል፤ በዚህ ላይ ጥሩ ነው። ስድብን በቃላት ዝርዝር እንዲይዝ መጠበቅ ግን ለአማርኛ ብዙም አያዋጣም። «ፀሐይ» የምትለውን ቃል ውሰዱ፦ በጸ ወይም በፀ፣ ቀጥሎ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ፤ አሥራ ሁለት አጻጻፍ ሆነ። ስድቡም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ስታግዱ አሥራ አንዱ ያልፋል። በላዩ ላይ «የ»፣ «በ»፣ «ኦች»፣ «ው» ይጨመርበታል፣ ከዚያም በላቲን ፊደል የሚጽፈው አለ። በተቃራኒው ደግሞ «ከብት» የሚለውን ስድብ ነው ብላችሁ ካስገባችሁት፣ ለአባቱ ከብት ሊገዛ ገንዘብ ስለ መላክ የጠየቀው ሰው ይታገዳል። የቃላት ዝርዝሩ ይሰርዝ ሳይሆን ለአድሚን ይጠቁም፤ ፍርዱ የሰው ይሁን። ቦቱ ማስወጣት አይፈቀድለት።

አጭበርባሪዎቹ ላይ ግን ምሕረት አያስፈልግም። ዘዴያቸው ይታወቃል፦ የአድሚኑን ፎቶና ስም ቀድቶ ለአዲስ ገቢው በግል ይጽፋል፣ «ቪዛ አለ፣ ቀብድ ላክ» ይላል። የተጠቃሚ ስሙን የሚያስመስለው በላቲኑ ትንሽ ኤል ቦታ ትልቁን አይ እየተካ ነው፤ በዓይን አይለይም። ፒን በተደረገው ደንብ አናት ላይ «አድሚን በግል ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሥራ አያስቀጥርም» ተብሎ ይጻፍ፣ የአራታችሁ ትክክለኛ አካውንት ሊንክም አብሮ ይቀመጥ። የአባላት ዝርዝርን ደብቁ፤ አጭበርባሪው ስም የሚለቅመው ከዚያ ነው። መግቢያ ሊንኩንም አድሚን የሚያጸድቀው አድርጉት። ፓስፖርት ወይም ኢቃማ የለጠፈ ሰው ካለ፣ የራሱንም ቢሆን፣ ወዲያው ሰርዙ፤ አብዛኛው የሚለጥፈው «ይህ ቪዛ ትክክል ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ስለሆነ እሱን አትቅጡት።

ሕጉን በተመለከተ ጥቂት ነገር ብቻ። በኤምሬትስ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንተርኔት ወንጀል ሕግ ሰውን በኢንተርኔት መስደብን ወንጀል ያደርጋል። በዚያው ዓመት የወጣው የመዋጮ ሕግ ደግሞ ፈቃድ የሌለው ግለሰብ ከሕዝብ ገንዘብ እንዳይሰበስብ ይከለክላል። ለታመመ ወገን ወይም ለአስከሬን መላኪያ በአድሚን የባንክ ሒሳብ ማሰባሰብ ልባዊ ቢሆንም አድሚኑን ሊያሳስረው ይችላል፤ ጉዳዩን ወደ ቆንስላው ምሩት። አገር ቤት ያሉ አባላት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሥር ናቸው፦ የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል፤ ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ሲሰራጭ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። «የሰማሁትን ነው የለጠፍኩት» የሚል አባል ይህን ይወቅ።

ከየት ትጀምሩ? ዛሬ ማታ የመዝገቡን ቻናል ክፈቱና የማገድ ሥልጣንን አስተካክሉ። ነገ ሰባቱን መስመር ጻፉ። ከዚያ የ60ዎቹን ዝርዝር አውጡ፤ ያጭበረበሩትንና የዛቱትን ለይታችሁ የቀሩትን ከ«ተወገዱ» አንሡና «ያለ ማስጠንቀቂያ ነበር የወጣችሁት፣ ስህተቱ የእኛ ነው፣ መመለስ ትችላላችሁ» ብላችሁ ግሩፑ ላይ ጻፉ። ይህን ሳታደርጉ የሚወጣ አዲስ ደንብ የድሮውን ቅጣት ለማጽደቅ የተጻፈ ይመስላል። የተነጠሉትንም ግሩፕ አታሳድዱ፤ አጭበርባሪ ሲይዙ መለያ ቁጥሩን ከእነሱ ጋር ብትለዋወጡ ይጠቅማችኋል።

አንድ የቀረ አለ፣ ማንም ሳያስበው ግሩፕ የሚያጠፋ። የግሩፑ ፈጣሪ አካውንት የተከፈተው በየትኛው ሲም ነው? በኤምሬትስ ወይም በሳዑዲ ሲም ከሆነና ሰውየው ኮንትራቱን ጨርሶ አገር ከገባ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ ገዢው በዚያ ቁጥር ቴሌግራም ሊከፍት ሲሞክር አካውንቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከነኢሜይሉ ይከፈት። ባለቤትነቱን ለሌላ አድሚን ማስተላለፍ ሲያስፈልግ ደግሞ ቴሌግራም ማረጋገጫው ከተከፈተ 7 ቀን፣ አስተላላፊው በዚያ ስልክ ከገባ 24 ሰዓት እንዲሞላው ይጠይቃል፤ ስለዚህ ፈጣሪው ቲኬቱን ከመቁረጡ በፊት ይጀምር።